«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዋጃ፤ አንባቢዎች የሚለያዩት በምንድን ነው?

በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው ያነበበው፣ ብዙ ሰውም የተከራከረበት መጽሐፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን መኝታ ቤቶች ስሙ በተነሣ ቁጥር አንዱ «የሥነ ጽሑፋችን ቁንጮ ነው» ሲል ሌላው «ግማሹ ስብከት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሰብለን ለምን እንዲያ አደረጋት?» ብሎ ከደራሲው ጋር ይጣላል። ክርክሩም የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው እንጂ አንዱ ወገን ሲረታ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉን ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ስለምን እንደዚህ ይለያያሉ? ልዩነቱስ የጣዕም ነው ወይስ ሌላ ሥር አለው? ይህን ለማስረዳት ነው። ለዚህም የሚረዳንን ምሳሌ ያገኘነው ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን በክረምቱ ዕረፍት ከዋጃ ነው።

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ጠልፎ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ገበሬ፣ አማርኛውንም ትግርኛውንም የሚናገር ነጋዴ፣ ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆኖ የሚኖርባት ናት። እኛ ከዚያው አካባቢ የወጣን ጥቂት ተማሪዎች ለዕረፍት ስንመለስ አንድ የተቀዳደደ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ ይዘን ሄድን። መጀመሪያ ያሰብነው እርስ በርሳችን ልናነብ ነበር። ነገር ግን ቀን ቀን ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ የምናነበው ማታ ማታ፣ ከአንዱ ጓደኛችን ቤት ደጅ ካለው ቁርቁራ ሥር ሆነ፤ ቡና ሲፈላም ጎረቤት ተጠራ፤ ጎረቤትም መጥቶ ቀረ። አንዳችን በአቦል ጊዜ እናነባለን፣ ሌላችን በቶና እንቀበላለን፤ በረካ ላይ ክርክሩ ይጀመራል።

ከክርክሩ በፊት ግን መጽሐፉን ላላነበበ ጓደኛ ጥቂት ማለት ይገባናል።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው በጣልያን አገር ታስረዋል፤ ከነፃነት በኋላም በውጭ ጉዳይ ሥራ እስከ አምባሳደርነት ደርሰዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ሲሆን መጽሐፉ ከእርሳቸው በኋላም በየጊዜው እየታተመ ይነበባል። ማንበብ የማይችለውም ሰው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል፤ ያ ድምፅ ዛሬም በየስልኩ ይደመጣል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከጣልያን ወረራ በፊት በነበረው ጎጃም ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ የማንኩሳ ባልና ሚስት ልጃቸው በዛብህ እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ይሳሉታል። ልጁ አድጎ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔውን ዜማውን ይማራል፤ ኋላም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ይገባል። አስተማሪውና ተማሪዋ ይዋደዳሉ። እርሱ ስለት አለበት፤ እርሷም አባቷ «ለዘሬ የሚመጥን የለም» እያሉ ሳይድሩ ያቆዩአት ሴት ናት። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ፍለጋ ትወጣለች። እርሱም ወደ እርሷ ሲመጣ በመንገድ በሽፍቶች እጅ ይቆስላል፤ የሚገናኙት ለመለያየት ነው። ከዚያ በኋላ ሰብለ መንኩሳ ከመቃብሩ አጠገብ ትቀራለች። በዚህ መካከል የፊታውራሪው ዘመድ ካሣ ዳምጤ አለ፤ የአገሩን ልማድ ሁሉ ስለሚጠይቅ ሰው «ጉዱ ካሣ» ብሎ ስም ያወጣለት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በዋጃ የሰማናቸውን አስተያየቶች በአራት ከፍለን እናቀርባቸዋለን።

፩. ጥፋቱ የስለቱ ነው የሚሉ

መጀመሪያ የተነሣው ይኸው ነበር። ከእኛ አንዱ፣ ነገር ቶሎ የሚቆርጥ ልጅ፣ «በዛብህን የገደሉት ሽፍቶቹ አይደሉም፤ አባትና እናቱ ናቸው። ገና አፉን ሳይፈታ ሕይወቱን ሸጡበት» አለ።

ከአድማጮቹ መካከል የነበረ አንድ ዲያቆን ይህን ሊቀበል አልቻለም። «የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናስ? ልጇን ለቤተ መቅደስ አልሰጠችምን? እመቤታችንስ በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ አልገባችምን? ስለት ሽያጭ ከሆነ እነዚህን ምን ልንላቸው ነው?» ሲል ጠየቀ። አንድ እስላም ጎረቤታችንም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «በእኛም አለ፤ የመርየም እናት በሆዷ ያለውን ለአላህ ተሳለች። ነገር ግን ሰው ሲሳል የራሱን ቢሳል ይሻላል፤ የሌላውን ዕድሜ መሳል ከባድ ነው» አሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህን ክርክር በአንድ የከተማ የንባብ ማኅበር አንሥተነው ቢሆን ኖሮ ስለት «የገጸ ባሕርዩ የውስጥ ግጭት» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፍ ነበር። በዋጃ ግን ስለት በየቤቱ ያለ ዕዳ ነው፤ በግም ይሳላል፣ ጧፍም ይሳላል፣ ልጅም ይሳላል። ስለዚህ አድማጩ የሚፈርደው በበዛብህ ወላጆች ላይ ብቻ አይደለም፤ በራሱም ቤት ላይ ነው።

፪. ጥፋቱ የፊታውራሪው ነው የሚሉ

የሁለተኛው ወገን ሰዎች ለፍቅሩ ብዙም ደንታ የላቸውም። ለእነርሱ መጽሐፉ የሚጀምረው ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠይቁና ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ሲሉ ነው። ፊታውራሪው ሊዘምቱባቸው ወጥተው ተማርከው የቀሩበትን ክፍል ስናነብ ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ አስደግመውናል።

ለምን እንደሆነ ማወቅ አያስቸግርም። ራያ የዐመፅ ታሪክ ያለው አገር ነው። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ራያና አዘቦ በመንግሥት ላይ ተነሥቶ ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. በተነሣው የወያነ ዐመፅም የራያ ገበሬ ተካፋይ ነበር። በጎጃምም ቢሆን መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሥቷል። የቀድሞ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎችም «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በ1957 ዓ.ም.፣ ማለትም መጽሐፉ ከመታተሙ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። እነዚያ ተማሪዎች መጽሐፉን እጃቸው ሲያስገቡ መጀመሪያ የፈለጉት በዛብህን ሳይሆን አበጀ በለውን ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት የሆነው ደግሞ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ወገን ውስጥም ቢሆን አንድነት አልነበረም። አንድ ሽማግሌ፣ «መማረካቸውስ ደግ፤ መሬቱ ግን የማን ሆነ? ገበሬው ሰውየውን ያዘ እንጂ ግብሩን አልያዘም» ብለው ነቀፉ። ከእኛ መካከል የታሪክ ተማሪ የሆነው ደግሞ፣ «ደራሲው ያዩትን ዘመን ጻፉ፤ ያላዩትን ድል መጻፍ ነበረባቸው?» ሲል መለሰላቸው። ሽማግሌውም፣ «ልብ ወለድ አይደለም እንዴ? ካልጨመረበት ምኑን ልብ ወለደው?» አሉትና ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ታሪክን የሚመስል ልብ ወለድ የነበረውን ማሳየት ይበቃዋል ወይስ ሊሆን የሚገባውን ማሳየት አለበት የሚለው ጥያቄ በሌላውም ዓለም ሊቃውንት ሲከራከሩበት የኖሩት ነው።

፫. ስለ ሰብለ የሚከራከሩ

ሴቶቹ የተናገሩት ዘግይተው ነው፤ ሲናገሩ ግን ወንዶቹ ዝም አሉ።

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የጓደኛችን እኅት፣ በሰብለ መመንኮስ ተቆጣች። «ከአባቷ እስር ወጥታ ሌላ እስር ገባች። በእግሯ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የወጣች ሴት መቃብር ልትጠብቅ ነው የወጣችው?» አለች። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ግን በዚህ አልተስማሙም። «አባቷ ሳይድሯት ቆዩ፤ ኋላም ሊድሯት ሲሉ ማንም አልጠየቃት። እዚያ መቃብር አጠገብ ስትቀመጥ ግን ያስቀመጣት የለም። ለራሷ የመረጠችው እርሱን ነው» አሉ።

ልጅቷ ይህን ሰምታ ጥቂት ካሰበች በኋላ የተናገረችው ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ሆኖናል፤ «በእኛ አገር ሴት ልጅ የምትቸገረው ቶሎ ስለምትሰጥ ነው፤ ሰብለ ደግሞ ስላልተሰጠች ተቸገረች። ስንሰማው ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው» አለች። መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አድርጎታል። ሕጉ ዕድሜውን ሲያሻሽል፣ «ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን በየቤቱ ለመመለስ ገና ብዙ ይቀራል።

ሰብለ በወንድ መነኩሴ ልብስ መሰወሯንም «የማይመስል» ያሉት ነበሩ። ለእነዚህ ያመጣነው መልስ ይህ ነው፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሆነው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የጦቢያ ታሪክም ልጃገረዲቱን በወንድ ልብስ መንገድ ያስኬዳታል። ያ ታሪክ በሰርግ ይፈጸማል፤ ይህኛው በመቃብር። በ58 ዓመት ልዩነት የተጻፉት ሁለት መጻሕፍት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሴት በራሷ መልክ መንገድ ለመሄድ አትችልም ነበር።

፬. ጥፋቱ የደራሲው ነው የሚሉ

አራተኛው ወገን በአብዛኛው እኛው፣ ተማሪዎቹ፣ ነን። የምናቀርበው ክስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መጽሐፉ ረዥም ነው፤ ጉዱ ካሣ በተናገረ ቁጥርም ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ በዛብህ ሊቅ ሆኖ ሳለ ልበ ደካማ ነው፤ የሚወስነው ሳይሆን የሚሸሸው ይበዛል። ሦስተኛ፣ ሞቱን ያመጣው አጋጣሚ ነው፤ ሽፍቶቹ በሌላ ቀን ቢወጡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

እነዚህ ክሶች ውሸት አይደሉም። ነገር ግን ዋጃ ላይ ጮክ ብለን ስናነብ የመጀመሪያው ክሳችን ተዳከመ። በመኝታ ቤት በዓይናችን የምንዘለው የጉዱ ካሣ ንግግር በጆሮ ሲሰማ ሌላ ነው፤ አድማጩ መሀል ላይ ገብቶ «እውነቱን ነው» ወይም «አበደ» እያለ ይመልስለታል። ንግግሩ የተጻፈው ሸንጎ ለሚያውቅ ሰው ነው እንጂ ለፈተና ለሚቸኩል ተማሪ አይደለም።

አጋጣሚውንም በተመለከተ፣ «ሮሜዎና ዡልየት»ን የሚያደንቅ ጓደኛችን የራሱን ምስክር ረሳ። በዚያ ተውኔት መልእክተኛው በወረርሽኝ ምክንያት ከቤት ተዘግቶበት ደብዳቤው ሳይደርስ ስለቀረ ነው ሁለቱ ወጣቶች የሚሞቱት። ደብዳቤ መቅረቱ አጋጣሚ ነው፤ ፍቅረኞቹ በደብዳቤ እንዲተማመኑ ያደረጋቸው የቤተሰብ ጠብ ግን አጋጣሚ አይደለም። በዛብህንም ሽፍታ ያገኘው በዕድል ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ እንዲገኝ ያደረገው ግን ዕድል አይደለም።

ስለ ፊደሉም የተነሣ ክርክር ነበረ። ደራሲው በዚህ መጽሐፍ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሞክሼ ፊደላት ቀንሰዋል፤ ጠብቀው የሚነበቡትንም በምልክት ለይተዋል። ዲያቆኑ ይህን «ፊደል ማጉደል ነው» ሲል፣ እኛ ደግሞ ለአንባቢ የሚያመች ነው አልን። በዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም አላሳመነም፤ ይህም ጽሑፍ እንደምታዩት ሞክሼዎቹን ይዞ ነው የወጣው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ክርክር ነው። አሁን ክርክሩን ያቆመውን ነገር እንናገራለን።

ቡናውን የሚያፈሉት እናት ልጅ ከእኛው አንዱ፣ የምሕንድስና ተማሪ ነው። ሕፃን ሳለ ታሞ ተስፋ በተቆረጠበት ሌሊት እናቱ «ከተረፈልኝ ቤተ ክርስቲያንህን ያገለግላል» ብለው ተስለው ነበር። ዳዊት ደግሟል፣ ዲቁናም ተቀብሏል፤ ኋላ ግን አስኳላ ገብቶ ወደዚህ መጣ። ይህን እኛ ጓደኞቹ አናውቅም ነበር። በመጀመሪያው ማታ «ሕይወቱን ሸጡበት» ሲባል እርሱ ዝም ብሎ እንደነበረ ያስታወስነው ኋላ ነው።

በዛብህ በፍቅሩና በወላጆቹ ስለት መካከል ሆኖ የሚጨነቅበትን ክፍል ስናነብ እናቱ ረከቦቱን ትተው ቆሙ። «እዚያን ቦታ መልሱልኝ» አሉ። መለስንላቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ውድነሽን አትውቀሷት። ልጅ እጇ ላይ ሲበርድባት ያላየች ሴት ትፍረድባት» አሉ። ቀጥለውም፣ ወደ ልጃቸው ሳይመለከቱ፣ «እኔ ግን አንተን አልጠየቅሁህም» አሉ። ልጃቸውም፣ «የስድስት ወር ልጅ ነበርኩ፤ ምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ፣ እማ?» አላቸው። እናትየው ነገሩን ከንስሐ አባታቸው ጋር ሊነጋገሩበት ወሰኑ፤ ልጁም አብሮ ሊሄድ። በዚያ ማታ ሦስተኛው ሲኒ ቀዘቀዘ እንጂ ማንም አልተከራከረም።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ስናስበው አንድ ነገር ታየን። አራቱም ወገኖች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ሞትና ብሕትውና ተጠያቂው ማን ነው? አንዱ እናትን፣ አንዱ ጌታን፣ አንዱ ፍቅረኞቹን፣ አንዱ ደራሲውን ይከሳል። መልሱን የሚመርጠውም መጽሐፉ ሳይሆን አንባቢው በቤቱ ያለው ዕዳ ነው። ግብር ያስመረረው ቤተሰብ ልጅ ፊታውራሪውን ያያል፤ ለትዳር የምትጠበቅ ልጅ ሰብለን ታያለች፤ ነጥብ መስጠትና መቀነስ የለመድን ተማሪዎች ደግሞ የደራሲውን ስሕተት እንቆጥራለን።

በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ውድነሽ ልጇን የሳለችው ስለ ጠላችው አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻም በትዕቢት የታወሩ ቢሆኑ ልጃቸውን የሚጎዱ አይመስላቸውም፤ ክብሯን የሚጠብቁላት ይመስላቸዋል። እንግዲህ በአርእስቱ ያለው «ፍቅር» የበዛብህና የሰብለ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የእናትም ፍቅር፣ የአባትም ፍቅር፣ ያልተጠየቀውን ሰው ይዞ እስከ መቃብር ሊወስደው ይችላል። ክፉ ሰው ብቻ ያጠፋው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ክፉውን ጠልተን መጽሐፉን በዘጋነው ነበር። ደግ አሳቢዎች ያጠፉት ስለ ሆነ ግን ክርክሩ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አልተዘጋም።

ይህን ስንል ጉድለቱን ሸፍነን አይደለም። የበዛብህ ድካም አሁንም ያናድደናል፤ የጉዱ ካሣም አንዳንድ ንግግር ቢያጥር ደስ ይለናል። ደግሞም መጽሐፉ ለገበሬው ጥያቄ መልስ አልሰጠም ያሉትን ሽማግሌ ቃል ለመመለስ አልቻልንም፤ አሁንም አብረናቸው እንጠይቃለን።

ለጓደኞቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክፍል ስላነበብነው ወይም በሬዲዮ ስለ ሰማነው ብቻ የጨረስነው አይምሰለን። በሚቀጥለው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ቅጂ ይዘን እንሂድ፤ ጎረቤት ጠርተንም ጮክ ብለን እናንብብ። ቀድመን ፍርድ አንስጥ፤ እስከ በረካ እንታገሥ። ምናልባት ስለ መጽሐፉ የምንሰማው አዲስ ነገር ጥቂት ይሆን ይሆናል፤ አጠገባችን ስለ ተቀመጠው ሰው ግን ሳንጠይቀው የኖርነውን ነገር እንሰማለን።